መጻጉዕ አያት አልነበረውም እንዴ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ከትምህርት ይልቅ ለኑዛዜ የቀረበ ነው። ለንስሐ አባቴ ከተናዘዝሁት ዓመታት አልፈዋል፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜያለሁ። ነገር ግን እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላ ወንድም ወይም ሌላ እኅት እንዳይደግመው በማሰብ፣ የንስሐ አባቴንም አስፈቅጄ፣ ለእናንተ ልነግራችሁ ወደድሁ። የሚነገረው የአንድ ልጅና የአያቱ ታሪክ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ማንነታቸውን የሚጠቁመውንም ነገር ትቼዋለሁ። ልጁ ዛሬ አድጓል፤ ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ እንዲወጣ ፈቅዶልኛል።

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳንቃ በር ሲደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ ናችሁ። እንግዳ ሰው ወደዚያ ሲወጣ ስለ አየሩ ንጽሕና ይደነቃል። እኛ የአገሩ ልጆች ግን ሌላውንም እናውቃለን። ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ቤቱ መስኮት የለውም፤ በሩም በጊዜ ይዘጋል። በአንድ ጎጆ ውስጥ እሳቱ ይጤሳል፤ ከብቱም ሰዉም አብሮ ያድራል፤ ሕፃናት ከአያቶቻቸው ጋር በአንድ ጋቢ ይተኛሉ። ውጭው በነፋስ የታጠበ ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲተነፍስ ያድራል። ይህን ነገር ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም ነበር።

ከሳንቃ በር ወዲህ ካለች አንዲት መንደር አንዲት አያት የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ደባርቅ የወረዱት በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተዋልና ሁላችንም እማሆይ እንላቸው ነበር። የልጁ እናት፣ አንዲት ልጃቸው፣ እርሱን በወለደች በሦስተኛው ዓመት ዐርፋለች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በዘመድ ቤት ተጠግተው ልጁን በየማለዳው ጸበል ያስጠምቁታል። እሑድ እሑድ ደግሞ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ያመጡትና እርሳቸው ከደጅ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እኔ የሕፃናቱ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን እማሆይ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው አቆሙኝ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ልጅ ጠዋትና ማታ የሚውጠው ኪኒን አለው። ጾሙም ገባ፤ ጸበልም እያስጠመቅሁት ነው። ኪኒኑ ጾሙን አይሽርበትም? የጸበሉንስ ኃይል አይከለክልበትም?»

ኪኒኑ የምን እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም። ማን እንዳዘዘውም አልጠየቅሁም። «ቆይ፣ የንስሐ አባትዎን እንጠይቅ፤ ሐኪሙንም እንጠይቅ» ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በአንዲት ሽማግሌ መነኩሲት ፊት የማያውቅ ሰው መስዬ መታየቱን ፈራሁ። «እማሆይ፣ ሙሉ እምነት ካለዎት ጸበሉ ይበቃዋል» አልኋቸው። እርሳቸውም መሬት ስመው አመሰገኑኝ። ያን ቀን እምነትን ያስተማርሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንታት ውስጥ ልጁ እየከሳ ሄደ። ቀድሞም ያስለው የነበረው ሳል ባሰበት። ሌሎቹ ሕፃናት «ያስልብናል» እያሉ ሲያጉረመርሙ እኔ ከፊት አስነሥቼ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ብቻውን አስቀመጥሁት። ይህንንም ለሌሎቹ ስል ያደረግሁት መልካም ሥራ አድርጌ ቈጠርሁት።

መጋቢት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የጾሙ አራተኛ እሑድ፣ መጻጉዕ ነበር። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ስለተኛው በሽተኛ አስተማርኋቸው። አምስቱን መመላለሻ በሰሌዳው ላይ ሣልሁላቸው፤ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የሚገባው እንደሚፈወስ ነገርኋቸው። ከዚያም ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ በሽተኛው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ መናገሩን ተረክሁ። በዚህ ጊዜ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን እጅ ተነሣች።

«መጻጉዕ አያት አልነበረውም እንዴ?»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። ለእርሱ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰው ሲታመም ወደ ጸበል የሚወስደው ሰው አያት ነው። 38 ዓመት የሚያነሣው አጥቶ የተኛ ሰው አያት የሌለው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ትምህርቱ ሲያልቅ እማሆይ በጋቢያቸው ሲጠቀልሉት አየሁ። አንገቱ ቀጥኖ የጭራሮ እንጨት መስሏል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልቤን ነካኝና ቀረብ ብዬ «እማሆይ፣ ኪኒኑስ?» አልኋቸው።

«አንተ ካልኸኝ ቀን ጀምሮ ትተነዋል፤ ጸበሉ ብቻ ነው» አሉኝ፤ ደስ እንዲለኝ አስበው።

«ኪኒኑ የምን ነበር?»

ዝም አሉ። ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእናቱ በሽታ ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ሦስታችን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ልጁ ከልደቱ ጀምሮ ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ በካርዱ ላይ ተጽፏል። አሁን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ተጠረጠረ። ማጣራቱ ግን እንዳሰብሁት ቀላል አልነበረም። አዋቂ ሰው አክታውን ተፍቶ ይመረመርለታል፤ ሕፃን ግን አክታውን ይውጠዋል። ስለዚህ ማለዳ ምግብ ሳይቀምስ በአፍንጫው በኩል ወደ ሆዱ ቀጭን ቱቦ ገብቶ የዋጠው አክታ ይወሰዳል፤ ከሰገራም የሚመረመርበት ዘዴ አለ። የመከላከል አቅሙ በኤች አይ ቪ በተዳከመ ልጅ ላይ የቆዳ ምርመራው በሽታው እያለም ሊያሳይ አይችልም፤ የሳንባው ራጅም አያስታውቅም። ሐኪሞቹ ምልክቱን፣ ክብደቱንና የቤተሰቡን ታሪክ አንድ ላይ አድርገው ይፈርዳሉ። በመጨረሻ ቲቢ መሆኑ ተረጋገጠ።

ነርሷ ኪኒኑ ለምን እንደ ተቋረጠ ስትጠይቅ እማሆይ ወደ እኔ አዩ፤ ነገር ግን ስሜን አልጠሩም። «እኔ ነኝ ያቋረጥሁት» አሉ። እኔም «አይደሉም፤ እኔ ነኝ» አልሁ። ነርሷ አልተቈጣችኝም። «ቲቢው ካንተ ቃል በፊት የጀመረ ነው፤ እስከ ዛሬም መንገዱ እየራቀባቸው መድኃኒቱን በአግባቡ አልወሰደም። ያንተ ቃል ግን የቀረችውን አቅም አወረደቻት» አለችኝ። ብትቈጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያም ወደ እማሆይ ዞራ «በቤታችሁ የሚያስል አዋቂ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

እማሆይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «እኔን ብርድ ነው እንጂ…» ብለው ሳይጨርሱ ሳሉ። አክታቸው ተመረመረ፤ የቲቢው ባክቴሪያ ተገኘበት። በአንድ ጋቢ አቅፈውት ሲያድሩ፣ ሌሊት ተነሥተው ስለ እርሱ ሲጸልዩ፣ ሳያውቁት በሽታውን ያካፈሉት እርሳቸው ነበሩ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ያን ቀን ፍርዴ ሁሉ ተገለበጠ። እኔ ሕፃኑን ለሌሎች አስጊ ነው ብዬ ከኋላ አስቀምጬው ነበር። ነርሷ እንዳስረዳችኝ ግን ትንንሽ ልጆች በሳላቸው የሚያወጡት ባክቴሪያ ጥቂት ነውና ቲቢን ለሌላ የሚያስተላልፉት እምብዛም ነው፤ ይልቁን ከአዋቂ የሚቀበሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሕፃን በቲቢ ሲታመም ሐኪሞች በቤቱ ውስጥ የሚያስለውን አዋቂ ይፈልጋሉ። ቲቢ የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። በጽዋ፣ በጣሳ፣ በሳሕን፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ኤች አይ ቪም አብሮ በመብላትና በመጠጣት፣ አንድ ወንበር ላይ በመቀመጥ አይተላለፍም። ልጁን የለየሁት ከአላዋቂነቴ የተነሣ ነው፤ አላዋቂነቴንም ጥንቃቄ ብዬ ጠራሁት።

ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ልጅ ሲገናኙ የሚሆነውን በዚያው ሰሞን ተማርሁ። የቲቢ ባክቴሪያ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሊኖር ይችላል፤ የሰውነት መከላከያ ጠባቂ ሆኖ ያግደዋል። ኤች አይ ቪ ያንን ጠባቂ ያደክማል። ጠባቂው ሲደክም ቲቢው ይነሣል፤ ቲቢው ሲነሣ ደግሞ ኤች አይ ቪው ይበረታል። ስለዚህ በዓለም ላይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች ከሌላ በሽታ ሁሉ አብልጦ የሚገድለው ቲቢ ነው። ከእናቱ ኤች አይ ቪ ይዞ የተወለደ ሕፃን ሕክምና ካላገኘ ደግሞ፣ እንዲህ ካሉት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ ይሞታሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በክልላችን ሆስፒታሎች የሚታከሙትን እንዲህ ያሉ ሕፃናት መዝገብ ሲያጠኑ፣ ለሞት ወይም ለበሽታው መባባስ ምክንያት ሆነው የሚደጋገሙት መድኃኒትን በአግባቡ አለመውሰድ፣ የምግብ እጥረት፣ የደም ማነስና ዘግይቶ ወደ ሕክምና መምጣት ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያውን በእጄ ሠርቼዋለሁ።

ቲቢን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ማግኘቱን በበርሊን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር፤ ዕለቱም የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይከበራል። ያ ቀን በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 15 ነው። እኔ ስለ መጻጉዕ ሳስተምር፣ ልጁም ከበሩ አጠገብ ሲያስል፣ ዕለቱ ያ ቀን ኖሯል። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ብዙ ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን «ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ስንት ጊዜ ይፈጃል አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «ስድስት ወር፤ የመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ የቀረው አራት ወር ሁለት ዓይነት» አልኋቸው። «እንግዲያው ቀኖናህ ስድስት ወር ነው። ሁለቱም መድኃኒታቸውን ሲውጡ በየቀኑ ተገኝተህ ታያለህ። አንድ ቀን ብትቀር አዲስ ትጀምራለህ» አሉኝ።

በጤና ተቋሞቻችን የቲቢ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሲውጥ ቀርቦ የሚያይ፣ የሚያበረታታ ደጋፊ እንዲኖረው ይደረጋል። እኔ በቀኖና ደጋፊ ሆንሁ። በየማለዳው እሄዳለሁ፤ እማሆይ «በስመ አብ» ብለው ያማትባሉ፤ አያትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ኪኒናቸውን ይውጣሉ። የልጁ በውኃ የሚሟሟ ነበርና ከአያቱ ቀድሞ ጨርሶ «እማሆይ፣ ቀደምሁዎት» ይላቸው ነበር።

ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የልጁ ሽንት ብርቱካናማ ሲሆን እማሆይ ደም መስሏቸው ጮኹ። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን፣ ላብንና እንባን እንዲህ እንደሚያቀልም ባልጠይቅ ኖሮ ያን ዕለት መድኃኒቱ ይቋረጥ ነበር። ይኸው መድኃኒት የአንዳንድ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን ኃይል ስለሚቀንስ ሐኪሞቹ የሚስማማውን መርጠው፣ መጠኑንም አስተካክለው ሰጡት። ቲቢው ሕክምና ከተጀመረለት ጥቂት ሳምንት በኋላ የኤች አይ ቪው መድኃኒት እንደ ገና ተጀመረ። ከዚያም ልጁ ደኅና መሆን ጀምሮ ሳለ ድንገት ትኩሳቱ ተመለሰ፤ በአንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። «መድኃኒቱ ሊገድልብኝ ነው» አሉ እማሆይ። ነርሷ ግን የደከመው ጠባቂ ሲነቃ ጠላቱን በቤቱ ውስጥ ሲያገኝ እንዲህ ያለ ትግል እንደሚነሣ፣ ማቋረጥ እንደማይገባ፣ ነገር ግን ወዲያው ለሐኪም ማሳየት እንደሚያስፈልግ አስረዳችን። አሳየነው፤ አለፈም።

ጸበሉንስ ተዉት ትሉኝ እንደሆነ፣ አልተዉትም። ንስሐ አባታችን እማሆይን አስጠርተው አስተማሯቸው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማው። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ያን የተሰማ ጸሎት ይዞ ሲመጣ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ መድኃኒቱ ለምን አስፈለገ? ሰሚውም ፈዋሹም እግዚአብሔር ስለ ሆነ፣ በለሱም የእርሱ ፍጥረት ስለ ሆነ ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበር እናውቃለን።

ይህ ትምህርት የአንድ ደብር አባት ሐሳብ ብቻ አይደለም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ምእመናን ሲሰበሰቡ፣ ከእነርሱም መድኃኒታቸውን የሚተዉ ነበሩና፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ አምስተኛው ፓትርያርክ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም በአደባባይ አስተምረዋል። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997 ዓ.ም. ነበር። እኔ እማሆይን ስመልስ ይህ የአባታችን ትምህርት ከተሰጠ 12 ዓመት ሆኖታል። አስተማሪ ተብዬ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት አላውቅም ነበር።

ስለ ጾሙም አባታችን እንዲህ አሉ፤ ሕፃን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ለጾም አይገደድም፤ የታመመም ሰው ንስሐ አባቱን አማክሮ እንደ አቅሙ ይቀልለታል። ሥጋ ወደሙ ለሚቀበል ሰው መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ማስማማት ይቻላል። ማንም ግን በገዛ ፈቃዱ፣ ወይም እንደ እኔ ባለ ሰው ቃል፣ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባውም። ከዚያ በኋላ እማሆይ ልጁን ማለዳ ያስጠምቁታል፤ ከጸበሉ መልስ ኪኒኑን ይሰጡታል። «አሁን ሁለት ጊዜ ይባረካል» ይሉ ነበር።

ከመስቀል በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2012 ዓ.ም. መግቢያ፣ አያትና ልጅ የቲቢውን ሕክምና በአንድ ሳምንት ጨረሱ። ልጁ ክብደቱ ጨምሮ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ በደመራው ዙሪያ ከልጆቹ ጋር ዘመረ። የኤች አይ ቪው መድኃኒት ግን የዕድሜ ልክ ነውና ያ ቀጠለ። ወደ መንደራቸው ሲመለሱ እማሆይ የቤታቸውን ግድግዳ አስነድለው መስኮት አወጡበት። ሰው ሁሉ «በዚህ ብርድ!» ብሎ ተደነቀባቸው።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደባት ወረዳ ጭና ድረስ መጥቶ ሕዝባችን መከራ በተቀበለበት ወቅት ሰው ሁሉ የሚይዘው ጠፍቶት ሲሸሽ፣ እማሆይ ከቤታቸው ያወጡት ሁለት ነገር ነው አሉ፤ የእመቤታችንን ሥዕልና የልጁን የኪኒን ከረጢት። በዚያን ጊዜ በአካባቢያችን ስንት ልጅ መድኃኒቱ ተቋርጦበት እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ያ ልጅ ግን አንድ ቀን አልተቋረጠበትም።

ልጁ የታመመበትን ነገር የተረዳው ቀስ በቀስ፣ በዕድሜው መጠን፣ ከአያቱና ከነርሷ አፍ ነው። ከጓደኞቹ ሐሜት አልሰማውም፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። እማሆይ ባለፈው ዓመት በሰላም ዐረፉ። አልቅሰን ቀበርናቸው። ከተዝካሩ በኋላ ልጁን «ኪኒኑን ማን ያስታውስሃል?» ስለው «ማታ ጸሎት ሳደርግ እውጠዋለሁ፤ እማሆይ እንዲህ ነው ያስለመዱኝ» አለኝ። አሁንም ግን እሑድ እሑድ ሳገኘው እጠይቀዋለሁ። ቀኖናዬ አልቋል፤ ጥያቄው ግን አላለቀም።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ፣ ሰው ስለ መድኃኒት ሲጠይቃችሁ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ፤ ወደ ካህኑና ወደ ሐኪሙም አብራችሁ ሂዱ። የሕፃናቱን ክፍል መስኮት ክፈቱ። የሚያስለውን ልጅ ከኋላ አታስቀምጡት፤ ይልቁን ወላጁን ለብቻ ጠርታችሁ በፍቅር ጠይቁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም አለመጨመር ምልክቶች ናቸው። ኤች አይ ቪ በደሙ ላለበት ልጅ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ማንኛውም ሳል ይመርመር።

በቤታችሁ የምታስሉ አዋቂዎች፣ «ብርድ ነው» አትበሉ። መመርመራችሁ ለሕፃኑ ፍቅራችሁ ነው። የቲቢ ሕመምተኛ ሕክምናውን በትክክል ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአብዛኛው በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። በሽታው ገና ያልተነሣባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ልጆችም የቲቢ መከላከያ ኪኒን አለላቸው፤ ጠይቁላቸው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እኅቶች ቀድማችሁ ተመርመሩ። ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል ከመቶ ከ15 እስከ 45 ነው፤ እናቲቱ መድኃኒቷን በአግባቡ ስትወስድና ሕፃኑም የሚገባውን ሲያገኝ ከመቶ ከ5 በታች ይወርዳል።

በየዓመቱ መጻጉዕ ሲመጣ ያችን ቀጭን እጅ አያታለሁ። በዚያን ቀን ለጥያቄው ሳቅ ብቻ ነበር የመለስሁለት። ዛሬ ግን የምመልሰው አለኝ፤ ልጄ፣ መጻጉዕ አያት አልነበረውም፤ በዙሪያውም በሽተኛ ብቻ አልነበረም፤ ጤነኛ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ሲያገድም 38 ዓመት ሆኗል። አንተ አያት ነበረህ፤ እርሳቸው ታቅፈው ወደ መጠመቂያው ሲያመጡህ በመንገዱ የቆምሁብህ እኔ ነበርሁ። ይቅር ስላልኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በሁለቱ በሽታዎች የሚሠቃዩትን ሕፃናት እግዚአብሔር በምሕረቱ ይጐብኝልን፤ እኛንም የሚያነሡ እጆች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።